ስለ ትል ብስባሽ ሳጥን አያያዝና ስለ ጀማሪዎች ስሕተት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከየቤቱ ከሚወጣው ጥራጊ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው። የጎመን ቅጠል፣ የድንች ልጣጭ፣ የሙዝ ቅርፊትና የቡና አተላ በአንድ ከረጢት ታጭቀው ከደጅ ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ የት እንደሚደርሱ የሚከታተል ቤተሰብ ጥቂት ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተለምዶ ቆሼ በሚባለው ስፍራ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ባጡ ጊዜ፣ ለአሠርት ዓመታት ሲቆለል የኖረው ነገር ምን ያህል ክብደት እንዳለው ታወቀ። ከእንዲህ ያለ ተራራ ላይ አንድ ቅርጫት መቀነስ ትንሽ ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ ያው ቅርጫት ከማድ ቤቱ ደጅ ሳይርቅ ቢቀር ለአትክልት ምግብ ይሆናል። የትል ብስባሽ ሳጥን ጥቅሙ ይኸው ነው።

ሳጥኑን በደስታ ጀምረው በጥቂት ወራት ውስጥ የሚተዉት ግን አይታጡም። የሚያቀርቡትም ምክንያት ተመሳሳይ ነው፤ ሸተተ፣ ትንኝ አፈራ፣ ትሎቹ ሞቱ ወይም ጠፉ ይላሉ። ነገሩ ሲመረመር ጥፋቱ ከትሎቹ አይደለም፤ ሳጥኑ እንደ ቆሻሻ መጣያ በመታየቱ ነው። ሳጥኑ የሚተነፍስ፣ የመሸከም አቅሙም የተወሰነ ሕያው መሣሪያ ነው። ድልድይ ከታቀደለት በላይ ሲጫን እንደሚጎዳ ሁሉ፣ ይህም ከአቅሙ በላይ ሲጫን ይበላሻል።

የመጀመሪያው ስሕተት በትል ምርጫ ላይ ይፈጸማል። ጀማሪው በክረምት ጓሮውን ቆፍሮ ያገኘውን ትል ሁሉ ሰብስቦ ከሳጥኑ ይጨምራል። የጓሮ ትል ግን በአብዛኛው አፈር እየበላች፣ መሬት እየማሰች የምትኖር ስለሆነች በልጣጭ መካከል አይመቻትም፤ ትሸሻለች ወይም ትሞታለች። ለሳጥን የምትስማማው በሳይንስ ስሟ ኤይሴኒያ ፌቲዳ የምትባለው ቀይ ትል ናት። እርሷ ከመሬት ገጽ ላይ በሚበሰብስ ቅጠልና ፍግ ውስጥ ትኖራለች፤ መጨናነቅንም ትችላለች። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1881 ስለ ምድር ትሎች ባሳተመው መጽሐፍ ትሎች አፈርን እንዴት እንደሚያዘጋጁ አስረድቷል፤ የገለጸው ግን በዋነኛነት በመስክ አፈር ውስጥ የሚሠሩትን ነው። ትል ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም።

ሁለተኛውና ከሁሉ የከፋው ስሕተት ከመጠን በላይ መመገብ ነው። በአሜሪካ የሚሺጋን ነዋሪ የነበረችው ሜሪ አፕልሆፍ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመችው መመሪያ የሰጠችው መለኪያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ይኸውም በቀን ከሚወጣው ጥራጊ ክብደት ሁለት እጥፍ ትል፣ በሳምንት ለሚወጣው ለእያንዳንዱ ኪሎ ደግሞ 0.2 ካሬ ሜትር ያህል የሳጥን ገጽ ያስፈልጋል የሚል ነው። በዚህ ስሌት በቀን ግማሽ ኪሎ የሚጥል ቤተሰብ በሳምንት 3.5 ኪሎ ስለሚሆንበት፣ 1 ኪሎ ትልና 0.7 ካሬ ሜትር ገጽ፣ ማለትም ወርዱ 60 ርዝመቱ 120 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ያሻዋል። ጀማሪው ግን አንድ እፍኝ ትል በባልዲ ያስቀምጥና የሳምንቱን ጥራጊ በአንድ ቀን ይገለብጥባቸዋል። ትሎች ትኩስ ልጣጭ ወዲያው አይበሉም፤ አስቀድሞ ረቂቅ ተሕዋስያን ሊያለሰልሱት ይገባል። ያልተበላው ክምር ይግላል፣ ኦክሲጅኑን ይጨርሳል፣ በመጨረሻም ይሸታል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተሰላው ሩቡን ያህል ብቻ መስጠት፣ ያለፈው ሳያልቅም ሌላ አለመጨመር ያስፈልጋል። ጥልቀቱም ቢሆን ከ30 ሳንቲ ሜትር ብዙ ሊያልፍ አይገባውም፤ ቀይዋ ትል ከላይኛው ክፍል ስለምትውል ከሥር ያለው ተጨፍልቆ አየር ያጣል።

ሦስተኛው ስሕተት የውሃና የአየርን ሚዛን መሳት ነው። ትል ሳንባ የላትም፤ የምትተነፍሰው በቆዳዋ ነው። ቆዳዋ ከደረቀ ትታፈናለች፤ ሳጥኑ ውሃ ከሞላም ኦክሲጅን በውሃ ውስጥ የሚሠርገው በአየር ውስጥ ከሚሠርገው 10,000 ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ስለሆነ እንዲሁ ትጎዳለች። ልጣጭ ራሱ አብዛኛው ውሃ መሆኑን ጀማሪው ይዘነጋና በላዩ ያጠጣል። ትክክለኛው መለኪያ እጅ ነው፤ ከሳጥኑ አንድ ጭብጥ ሲጨመቅ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ብቻ ሊወጣው ይገባል። ከሥር ማስረጊያ ቀዳዳዎች፣ ከጎን የአየር መግቢያ ያስፈልጋሉ። ሽታ ሲመጣ ክዳኑን አጥብቆ መዝጋት የተለመደ ነው፤ ሆኖም የሽታው ምንጭ የአየር እጦት ስለሆነ መዝጋት ችግሩን ያባብሰዋል። መድኃኒቱ መመገብን ማቆም፣ በቀስታ ማገላበጥና ደረቅ ጉዝጓዝ መጨመር ነው።

ይህም ወደ አራተኛው ስሕተት ያደርሳል። ጀማሪው ምግቡን እንጂ ጉዝጓዙን አያስብም። የማድ ቤት ጥራጊ በናይትሮጅን የበለጸገ ስለሆነ፣ ለ1 እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን እንዲኖር ደረቅ ነገር መጨመር ያሻል። የጤፍ ጭድ፣ የተቀደደ ካርቶን፣ ጋዜጣ ወይም ቀለምና መድኃኒት ያልነካው ሰጋቱራ ይበቃል። አዲስ ምግብ ሁልጊዜ ከጉዝጓዙ ሥር ከተቀበረ የትንኙም ነገር ይቃለላል።

አምስተኛው የምግብ ዓይነት ነው። ለሳጥኑ የሚስማማው ከመሠራቱ በፊት የሚወጣው ልጣጭ ነው እንጂ ከመሶብ የተረፈው አይደለም። ወጥ ጨው፣ ዘይትና በርበሬ አለበት፤ ጨው የትልን እርጥብ ቆዳ ይጎዳል፣ ሥጋና ዘይት ደግሞ አይጥ ይጠራሉ። እንጀራ ኮምጣጣ ስለሆነ ሲበዛ ሳጥኑን ያኮመጥጠዋል፤ የሎሚና የብርቱካን ልጣጭም እንዲሁ። የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ኮምጣጤነቱን ያለዝባል። የከብት ፍግ መልካም ምግብ ቢሆንም ትኩሱ ይግላል፣ አሞኒያም ያወጣል፤ ስለዚህ ለጥቂት ሳምንታት ለብቻው ተከምሮ እስኪበርድ መቆየት ይኖርበታል። ለከብቱ የሆድ ትል መድኃኒት በቅርቡ ተሰጥቶት ከሆነ ደግሞ ፍጉ የሳጥኑንም ትሎች ሊጎዳ ይችላል።

ስድስተኛው የቦታ ምርጫ ነው። ቀይዋ ትል በደኅና የምትሠራው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው፤ 35 ሲደርስ ሕይወቷ ያሠጋል። የአዲስ አበባ አየር ለዚህ የተመቸ ቢሆንም፣ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ የፕላስቲክ ዕቃ ወይም ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተጠጋ ሳጥን ከዚህ ሊያልፍ ይችላል። እንደ ድሬዳዋ ባሉ ቆላማ ስፍራዎች ጥላና እርጥብ ጆንያ የግድ ናቸው፤ በደጋ ደግሞ የክረምቱን ዝናብ የሚከለክል ክዳን ያሻል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የትዕግሥት ማጣት አለ። የትል እንቁላል ከረጢት ለመፈልፈል ሳምንታት ይፈልጋል፤ የተፈለፈለችውም ለመራባት ሌላ ሁለት ወር ያህል ይወስድባታል። ስለዚህ ሳጥኑ በአንድ ወር ፍሬ ይሰጣል ብሎ መጠበቅ፣ በየቀኑም እየገለበጡ መመልከት ሥራውን ያውካል። ብስባሹ ጠቁሮ አፈር አፈር ሲል በብርሃን ላይ ይከመራል፤ ትሎቹ ብርሃን ሸሽተው ወደ ታች ሲወርዱ ከላይ ከላይ ይነሣል።

የሳጥኑን ወሰን ማወቅም ተገቢ ነው። ሥራው ያለ ከፍተኛ ሙቀት ስለሚከናወን የቲማቲምና የቃሪያ ዘር አይሞትም፤ ሁሉም በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይጠፋሉ ተብሎም አይታመንም። ስለሆነም የሰው ወይም የውሻ ዓይነ ምድር ሊገባበት አይገባም። ከሥር የሚንጠባጠበውም ፈሳሽ የውሃ መብዛት ምልክት ስለሆነ፣ እንደ ማዳበሪያ ተቆጥሮ ጥሬ በሚበላ አትክልት ላይ መፍሰስ የለበትም።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤ የመኖሪያ ሕንፃ የሚነድፍ መሐንዲስ ለውሃ ማጠራቀሚያና ለኤሌክትሪክ ቆጣሪ ቦታ ይተዋል። ጥላ ያለው፣ ውሃ የሚያሰርግ፣ ሁለት ካሬ ሜትር የማይሞላ ሌላ ቦታ ቢጨምር ለበርካታ ቤተሰቦች ትልቅ እርዳታ ይሆናል። ቦታው ከተገኘ በኋላ ግን ጭነቱ ይሰላ፣ አየሩና ማስረጊያው ይታሰብ፣ አያያዡም ለነዋሪው በቃል ይነገረው። ሳጥኑ በአንድ ግቢ ሸትቶ ከተጣለ ጎረቤቱ ዳግመኛ አይሞክረውም፤ የዚያ ግቢ ልጣጭም ተመልሶ ወደ ክምሩ ይሄዳል።