ኔጋቲቩ የያዘውና ወረቀቱ የሚያሳየው



በቀትር ፀሐይ በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ነጠላ ተከናንቦ የሚያልፍ ሰው ፎቶግራፍ ቢነሣ፣ ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ሸማና ከነጠላው ጥላ ሥር ያለው ጠይም ፊት በአንድ ምስል ውስጥ ይገናኛሉ። ከሸማው ንጣት እስከ ጠጉሩ ጥላ ያለው የብርሃን ብልጫ አንድ ለአንድ ሺህ፣ ማለትም ዐሥር ስቶፕ ያህል ሊደርስ ይችላል። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ከነበረው ከቤድሮስ ቦያጂያን ዘመን ጀምሮ የአዲስ አበባን ባለሙያ የፈተነው ይኸው ብልጫ ነው።

ፊልም፣ ካሜራ ወይም ስካነር ከእንዲህ ዓይነቱ ብልጫ ለይቶ ሊቀበለው የሚችለው መጠን ዳይናሚክ ሬንጅ ይባላል፤ የታችኛው ወሰኑም የመሣሪያው የራሱ ብጥብጥ ምስሉን የሚውጥበት ነጥብ ነው። ዴንሲቲ ሬንጅ ግን በኔጋቲቭ ወይም በወረቀት ላይ በሠፈረው እጅግ ጥቁርና እጅግ ነጭ ክፍል መካከል ያለው የጥቁረት ልዩነት ነው። የፊተኛው የተቀባዩ ችሎታ፣ የኋለኛው የሠፈረው ነገር ልክ ነው።

ጥቁረትን በሎጋሪዝም የመለካት ዘዴ ኸርተርና ድሪፊልድ በእንግሊዝ አገር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1890 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ላይ የቆመ ነው። በዚህ መለኪያ 1.0 ማለት ከዐሥር እጅ ብርሃን አንዱ፣ 2.0 ማለት ከመቶ እጅ አንዱ ብቻ ያልፋል ወይም ይንጸባረቃል ማለት ነው። አንድ ለአንድ ሺህ የሆነው የድልድዩ ብርሃን በዚሁ ስሌት 3.0 ይሆናል። በተለመደው አጠባበ ግን ኔጋቲቩ ይህን አጥብቦ በ1.8 ገደማ ያሠፍረዋል። ስለዚህ 1.8 የኔጋቲቩ ዴንሲቲ ሬንጅ እንጂ ፊልሙ የተቀበለው የብርሃን ብልጫ አይደለም።

መካከለኛ ደረጃ ያለው ወረቀት ከኔጋቲቭ የሚቀበለው 1.1 ያህል ብቻ ነው። የራሱም ጥቁረት ቢሆን በአንጸባራቂው ወረቀት ከ2.0፣ በደብዛዛው ከ1.6 እምብዛም አያልፍም። እንግዲህ በጨለማ ክፍል ውስጥ ለሸማው ፈትል የታሰበ እንደሆነ ፊቱ ይጠቁራል፤ ለፊቱ የታሰበ እንደሆነ ፈትሉ ይጠፋል። ለስላሳ ደረጃ ያለው ወረቀት መምረጥ፣ ፊቱን በእጅ እየከለሉ ለሸማው ብርሃን መጨመር የቆየ መፍትሔ ነው።

በቤተሰብ አልበም ውስጥ ፊቱ ጠቁሮ የተገኘ አያት ከኔጋቲቩም ጠፍቷል ማለት አይደለም። በኔጋቲቩ ላይ እጅግ የጠቆረው ሸማው እንጂ ፊቱ አይደለምና፣ ደካማ ስካነር አስቀድሞ የሚያጣው የሸማውን ፈትል ነው። በሻጩ ወረቀት ላይ የተጻፈው 4.0 ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ስካን ተደርጓል ተብሎ ኔጋቲቭ አይጣል፤ ከብርሃን፣ ከሙቀትና ከእርጥበት ተጠብቆ ይቀመጥ። የተሻለ መሣሪያ ወይም የተሻለ እጅ በተገኘ ጊዜ ፊቱም ሸማውም ዳግመኛ ሊታዩ ይችላሉ።