የክሊቭላንድ 134 ሽንፈቶች

አቅራቢ 1፦ እ.ኤ.አ. በ1899 በአሜሪካ ናሽናል ሊግ የተወዳደረው የክሊቭላንድ ስፓይደርስ ቤዝቦል ቡድን 20 ጨዋታ አሸንፎ በ134ቱ ተሸነፈ። ይህ ቁጥር ሲነሳ የሚወቀሱት ተጫዋቾቹ ናቸው፤ እኔ ግን ተጠያቂዎቹ ባለቤቶቹ ናቸው ባይ ነኝ። የሮቢሰን ወንድማማቾች ክሊቭላንድን ሳይለቁ የሴንት ሉዊስን ቡድን ገዙ፤ ሊጉም ዝም አላቸው። ውድድሩ ሳይጀመር ታላቁን ወርዋሪ ሳይ ያንግንና ድንቁን መቺ ጄሲ በርኬትን ወደ ሴንት ሉዊስ አሻገሩ። ክሊቭላንድ የቀረው ስሙ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

አቅራቢ 2፦ እዚህ ላይ ልሞግትሽ። የክሊቭላንድ ተመልካች እኮ ቀድሞም አነስተኛ ነበር። ደግሞም በዚያው ዓመት ባልቲሞርና ብሩክሊን በተመሳሳይ ባለቤቶች እጅ ነበሩ፤ ባልቲሞር ኮከቦቹን ለብሩክሊን አስረክቦም አራተኛ ወጥቷል።

አቅራቢ 1፦ ባልቲሞርን ያተረፈው የቡድኑ ኮከብ ተጫዋች ጆን ማግሮው ብሩክሊን አልሄድም ብሎ መቅረቱ እንጂ የባለቤቶቹ ደግነት አይደለም። ተመልካቹስ ቢሆን ምርጦቹ ከተወሰዱበት በኋላ ምን ሊያይ ገንዘብ ይከፍላል? ዓመቱን ሙሉ ክሊቭላንድ ሜዳ የገባው ሰው 6 ሺህ ገደማ ነው። ገቢው ሲደርቅ ጨዋታዎቹን ወደ ተጋጣሚዎች ከተማ አዛወሩ፤ እነዚያ ምስኪን ተጫዋቾች ከሜዳቸው ውጭ ብቻ 101 ጊዜ ተሸነፉ፤ ከመጨረሻዎቹ 41 ጨዋታዎች ያሸነፉት አንዱን ነው። ይህን የድካም ውጤት ነው ብሎ ማለፍ ግፍ ነው።

አቅራቢ 2፦ የውድድር ዘመኑ እንዳበቃ ሊጉ ከ12 ቡድኖቹ አራቱን አሰናበተ፤ ክሊቭላንድም ባልቲሞርም ከተሰናባቾቹ መካከል ነበሩ።