ሕንፃና ተራራ
ላይሠራ የሚነደፍ ሕንፃ ስለሚሰጠው ትምህርት
በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የተደረገ ንግግር



ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት በወረቀት ላይ እንደሚነደፍ የማያውቅ የለም። ነገር ግን ከመጀመሪያው ላይሠራ የሚነደፍ ሕንፃም አለ። ነዳፊው ገንዘቡን የሚያወጣለት ባለጸጋ፣ ድንጋዩን የሚጠርብለት ሠራተኛ እንደማያገኝ እያወቀ፣ ሌሊትና ቀን ተግቶ ይነድፈዋል። ይህን የመሰለውን ሥራ ብዙ ሰው ከንቱ ድካም ነው ይለዋል። የዚህ ንግግር ዓላማ ግን ድካሙ ከንቱ አለመሆኑን ማስረዳት ነው። ሕንፃና የተፈጥሮ መሬት እንዴት ተስማምተው ሊኖሩ እንደሚገባ ለመመርመር እንዲህ ያለው ንድፍ ምን ያህል እንደሚጠቅም በአንድ ሰው ሥራ ይገለጣል። ሰውየውም ጀርመናዊው አርክቴክት ብሩኖ ታውት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታውት የዚህ ልማድ ጀማሪ አይደለም። ከእርሱ አስቀድሞ ፈረንሳዊው ኤትየን ሉዊ ቡሌ በ1784 ለታላቁ ሊቅ ለኒውተን መታሰቢያ የሚሆን ሕንፃ ነድፎ ነበር። ሕንፃው ከፍታው 150 ሜትር ያህል የሆነ ድቡልቡል ነገር ሲሆን፣ በዙሪያው የፈረንጅ ጥድ የሚመስሉ ዛፎች በየደረጃው ተተክለውበታል። በላይኛው ክፍሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ስላሉበት፣ ውጭው ቀን በሆነ ጊዜ ውስጡ ከዋክብት የፈሰሱበት ሌሊት ይመስላል፤ ውጭው ሲመሽ ደግሞ በመካከሉ የተሰቀለው መብራት ውስጡን ቀን ያደርገዋል። ሕንፃው አልተሠራም፤ በዚያ ዘመን በነበረው የግንባታ ጥበብ ሊሠራም አይችልም ነበር። ንድፉ ግን አንድ ጥያቄ ጥሎ አለፈ፤ ይኸውም ሕንፃ ሰማይን ከሰው የሚጋርድ ጣራ ብቻ ነውን? ወይስ ሰማይን ለሰው ሊያሳይ ይችላል? የሚል ነው።

ብሩኖ ታውት በ1880 በኬኒግስበርግ ከተማ ተወለደ። ስሙ በሰፊው የታወቀው በ1914 በኮሎኝ በተከፈተው ኤግዚቢሽን በሠራው የመስተዋት ቤት ነው። ጉልላቱ ባለ ቀለም መስተዋት ነበር፤ በውስጡም ውሃ በደረጃ እየተንቆረቆረ ይወርድ ነበር። ባለቅኔው ፓውል ሼርባርት ስለ መስተዋት ሕንፃ የጻፈውን መጽሐፍ በዚያው ዓመት ለታውት መታሰቢያ አደረገለት። ነገር ግን ዓመቱ ሳያልቅ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ጦርነትን አጥብቆ ይጠላ የነበረው ታውት፣ የልቡን ሕንፃ የሚያሠራው ቢያጣ ፊቱን ወደ ወረቀት መለሰ። «የአልፕስ ሕንፃ» የተባለውን የሥዕል መጽሐፍ በ1917 ጀመረ፤ መጽሐፉም በ1919 ታተመ።

መጽሐፉ በአምስት ክፍል የተመደቡ 30 ሥዕሎች አሉት፤ ማብራሪያውም በሥዕሎቹ ላይ በእጅ ጽሕፈት ሰፍሯል። በመጀመሪያው ክፍል መንገደኛ በገደል አፋፍ ሽቅብ እየወጣ፣ በበረዶው መካከል ወደ ቆመው የክሪስታል ቤት ይደርሳል። በዚያ ቤት አይነገድም፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ዝም ብሎ ለሚቀመጥና ለሚያደንቅ ሰው ብቻ የታሰበ ነው። ከዚያ በኋላ ንድፉ ከአንድ ቤት አልፎ ተራራውን ሁሉ ይይዛል። ሸለቆው እንደ አበባ ሆኖ ተሥሏል፤ በግራና በቀኝ ባለው ተዳፋት ላይ የቆሙት ባለ ቀለም የመስተዋት ግድግዳዎች የአበባው ቅጠሎች፣ ከሥር የተኛው ሐይቅም እምብርቱ ነው። የተራሮቹ ጫፍ እንደ ዕንቍ ይጠረባል፤ በላዩም የመስተዋት ዘውድ ይደፋል። ታውት ይህን ሁሉ ያሰበው በተረት አገር አይደለም። ማንም በካርታ ላይ የሚያገኛቸውን ተራሮች፣ እንደ ሞንቴ ሮዛና እንደ ሞንቴ ጄኔሮዞ ያሉትን፣ በስማቸው እየጠራ ነው። በመጨረሻዎቹ ክፍሎች ንድፉ ከአልፕስ ወጥቶ የምድርን ገጽ ያዳርሳል፤ አልፎም ወደ ከዋክብት ይወጣል።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ምንድር ነው? ታውት ምክንያቱን አልደበቀም። በመጽሐፉ መካከል ለአውሮፓ ሕዝቦች ጥሪ ያቀርባል። የሐሳቡም ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፤ ሰው ጥቅምንና ምቾትን ብቻ ሲያሳድድ መሰልቸት ይይዘዋል፤ መሰልቸት ጠብን፣ ጠብም ጦርነትን ይወልዳል። ስለዚህ ሕዝቦች ሁሉ ተባብረው የሚደክሙበት አንድ ታላቅ የሰላም ሥራ ያስፈልጋቸዋል። ሥራው እጅግ አስቸጋሪና ብዙ መሥዋዕት የሚጠይቅ መሆኑንም አልካደም።

አንባቢ ይህን የሕልም እንጀራ ነው ብሎ ከመሣቁ በፊት፣ በዚያው ጊዜ በእነዚያው የአልፕስ ተራሮች ምን ይሠራ እንደ ነበር ማስታወስ ይገባዋል። በኮል ዲ ላና ተራራ ላይ የኢጣሊያ ወታደሮች በ1916 ዐለቱን ከሥር ሰርስረው፣ ጫፉን ከነጠላቶቻቸው በፈንጂ አፈረሱት። በማርሞላዳ የበረዶ ክምር ውስጥ ደግሞ የኦስትሪያ ወታደሮች ዋሻ እየቦረቦሩ መኖሪያና መተላለፊያ አበጅተው ነበር። እንግዲህ ተራራን መጥረብና በረዶን መፈልፈል ለሰው የማይቻል ነገር አልነበረም፤ ለመግደል ሲሆን ተችሏል። ታውት የጠየቀው ያው ጕልበትና ያው ገንዘብ ለውበት እንዲውል ነው። በዚህ በኩል ሲታይ፣ አእምሮውን የሳተው ነዳፊው ነው ወይስ ዘመኑ? ለማለት ያስደፍራል።

ይህም ሲባል ንድፉ ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። የተራራን ጫፍ መጥረብ፣ ዓላማው የቱንም ያህል ቢቀደስ፣ የተፈጥሮ ጌታ ነኝ ማለት ነው። ተራራው ዘውድ ይደፋልኝ ብሎ አልለመነም። በተለይም በአሁኑ ዘመን ነቀፋው ይበረታል። በታውት ዘመን ዘላለማዊ ይመስል የነበረው በረዶ እየቀለጠ ነው፤ በ2022 እና በ2023፣ በሁለት ዓመት ብቻ፣ የስዊዘርላንድ የበረዶ ክምሮች ከመጠናቸው አንድ ዐሥረኛውን ያህል አጥተዋል። ሰው መዶሻ ሳያነሣ፣ በፋብሪካውና በመኪናው ጭስ አየሩን እያሞቀ ተራራውን ይሸረሽረዋል። ስለዚህ ጥያቄው ተገልብጧል፤ ሕንፃ ለመሬቱ ምን ጌጥ ይጨምርለታል? ከማለት ይልቅ፣ ከመሬቱ ምን ሳይቀማ ሊቆም ይችላል? ማለት ይገባል።

ደግነቱ፣ ታውት ራሱ በኋለኛው ሥራው ወደዚህ ጥያቄ ቀርቧል። ከ1924 ጀምሮ በበርሊን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ከ10,000 የሚበልጡ መኖሪያዎችን ነደፈ። እነዚህ ግን በወረቀት ላይ የቀሩ አይደሉም፤ ተሠርተው ሰው ገብቶባቸዋል። ከማርቲን ዋግነር ጋር ሆኖ በብሪትዝ ሰፈር በ1925 የጀመረው ሥራ ለዚህ ምስክር ነው። በቦታው ጐድጓዳ መሬትና ኵሬ ነበረ። ሌላ ነዳፊ ቢሆን ኵሬውን ደፍኖ መሬቱን ይደለድለው ነበር። ታውት ግን ኵሬውን በመካከል ትቶ፣ 350 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን ሕንፃ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ በዙሪያው አዞረው። በጸሌንዶርፍም ቤቶቹን በጥድ ዛፎች መካከል ሲሠራ ዛፎቹ እንዲተርፉ አደረገ፤ የጧት ፀሐይ የሚያገኘውን ግድግዳ አረንጓዴ፣ የማታ ፀሐይ የሚያገኘውን ቀይ ዳማ ቀባው። የብሪትዝ ሰፈር በ2008 ከዓለም ቅርሶች መካከል ተመዝግቧል።

በመስተዋት ሸለቆውና በብሪትዝ ኵሬ መካከል ያለው ዝምድና ይህ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ውሃው እምብርት፣ ሕንፃው የአበባ ቅጠል ነበር፤ በብሪትዝም ውሃው መካከል ሆኖ ሕንፃው ዙሪያውን ይከበዋል። ዕንቍው ቀርቷል፣ ዘውዱም ቀርቷል፤ መሬቱን አስቀድሞ የመመልከት ልማድ ግን አልቀረም። ነዳፊው ገንዘብና ትእዛዝ በሌለበት ወራት ዐይኑን ያሠለጠነው በከንቱ አልነበረም።

ትምህርቱ ለሌሎችም ተርፏል። በ1919 ታውት ጥቂት ወጣት ነዳፊዎችን ሰብስቦ፣ በደብዳቤ ሐሳብና ንድፍ እንዲለዋወጡ አደረገ። ከነዚህ አንዱ ሐንስ ሻሩን ነበር። ሻሩን ከብዙ ዓመት በኋላ የበርሊን የሙዚቃ አዳራሽን ሠራ፤ አዳራሹም በ1963 ተከፈተ። አሳቡን ሲያስረዳ በመልክዐ ምድር መስሎ ነው፤ ሙዚቀኞቹ በሸለቆ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ አድማጮቹም በዙሪያቸው በተዳፋት ላይ እንዳለ የወይን ተክል እርከን በእርከን ይደረደራሉ። ታውት ግን ይህን ለማየት አልታደለም። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ከአገሩ ተሰደደ፤ በጃፓን ቆይቶ በ1936 ወደ ቱርክ ሄደ። በኢስታንቡል የሥነ ጥበብ አካዳሚ እያስተማረ፣ በአንካራና በትራብዞን ትምህርት ቤቶችን ነደፈ፤ በ1938 በዚያው በኢስታንቡል ዐረፈ። በመስተዋት ተራራ የጀመረው ሰው ሥራውን በልጆች መማሪያ ቤት መፈጸሙ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ ለመምህር የሚተርፈው ምንድር ነው? በሥዕል ትምህርት ጊዜ ለተማሪ ወረቀትና እርሳስ ሰጥቶ፣ በትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለው ኰረብታ ላይ ሊሠራ የማይችል ሕንፃ እንዲነድፍ ማዘዝ ይቻላል። ወጪው አይታሰብ፣ አሳቡም አይገደብ። ንድፉ ካለቀ በኋላ ግን መምህሩ ሦስት ጥያቄ ይጠይቀው፤ ዝናብ ሲዘንብ ጎርፉ በየት በኩል ይወርዳል? ፀሐይ በየትኛው መስኮት ትገባለች? ከዛፎቹ የትኛው ቆመ፣ የትኛውስ ወደቀ? ተማሪው መልስ ለማግኘት ወረቀቱን ይዞ ወደ ኰረብታው መውጣት ይኖርበታል። ወጥቶም መሬቱን ያያል፤ ተመልሶም ንድፉን ያርማል። ነገ ባለሥልጣን ወይም መሐንዲስ ወይም ገበሬ ቢሆን፣ መሬትን ሳያይ መሠረት አይቈፍርም።