የማሳው ገመድ



በዚህ የኮሌጅ ምረቃ ላይ ስለ ስኬት ምስጢር ተናገር ተብዬ ነበር። ምስጢሩን ባውቀው ጋራዤ እስከ ዛሬ በኪራይ ግቢ ውስጥ ባልሆነ። የማውቀውን ልንገራችሁ። እህቶቼ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ዛሬ ይበልጥ የማወራው ከወንዶቹ ጋር ነው። የእናንተን በር ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው የሚዘጋባችሁ። እኛ ግን ቁልፉ በኪሳችን እያለ ራሳችን ላይ እንቆልፋለን።

ከዓመታት በፊት አንድ የጭነት መኪና አልነሳ ብሎ እየተጎተተ መጣልኝ። ባትሪውን ቀየርኩ፤ እምቢ አለ። ሞተሪኖውን አውርጄ ካርቦኑን ቀይሬ መልሼ ሰቀልኩት፤ አሁንም እምቢ። ሦስት ቀን ሙሉ ባለንብረቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ከመኪናው ሥር ተጋድሜ። በአራተኛው ቀን፣ ጋራዤ ውስጥ ልምምድ ላይ የነበረች ልጅ ቁልፍ ስታቀብለኝ ቀስ ብላ «ጋሼ፣ ማሳውን አይተውታል?» አለችኝ። ማሳው፣ ማለትም ከሻሲው ጋር የሚታሰረው የባትሪ ገመድ፣ ጫፉ ዝጎ ኖሯል። በብረት ብሩሽ ፋቅ ፋቅ አድርገን አጥብቀን አሰርነው። ተነሳ!

መቼ እንዳየችው ጠየቅኳት። የመጀመሪያው ቀን ነው። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት መሬት መሬቱን አየች። መልሱን እኔው አውቀዋለሁ። ለእኔ የሚነገረኝ ነገር እንደሌለ በአፌም በግንባሬም ስናገር የኖርኩት እኔ ነኝ። ወንድ ልጅ አይጠይቅም፤ ባለሙያ ወንድ ደግሞ ጭራሽ! እነዚያን ሦስት ቀናት የበላው ዝገቱ ብቻ አልነበረም።

እንደገና መማር ያልናቀ ወንድ ላንሳላችሁ፤ ሻምበል አበበ ቢቂላን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። በ1964 ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ እንደገና ወርቅ። ይህን ማንም ይተርከዋል። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ፤ ለሕክምናም እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ገባ። በ1948 በዚያ ሆስፒታል ግቢ በጦርነት የተጎዱ 16 ሰዎች ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀስት ተወዳድረው ነበር፤ የዛሬው ፓራሊምፒክ ሥሩ እሱ ነው። አበበም ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ ያዘ። በ1971 ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ የ25 ኪሎ ሜትር የሸርተቴ ውድድር አሸነፈ።

እስቲ አስቡት። ዓለም በእግሩ የሚያውቀው ሰው፣ የሁለት ኦሊምፒክ ባለወርቅ፣ ሻምበል፣ ቀስት እንዴት እንደሚያዝ ከሀ ብሎ ሲማር። ለእኔ ይህ ከሮም ይከብዳል። ልሳሳት እችላለሁ፤ ሮጬ አላውቅም። ግን ሰውየው ወንድነቱን ሁሉ እግሩ ላይ ሰቅሎት ቢሆን ኖሮ በዚያ አልጋ ላይ ያበቃለት ነበር።

ይህ እንደገና መማር ለእናንተ ለአውቶሞቲቭ ተመራቂዎች የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ድምፅ የሌላቸው መኪኖች በየመንገዱ በዝተዋል። ፒስተን የላቸው፣ ፍሪሲዮን የላቸው፣ የሞተር ዘይት አይቀየርላቸው። በእኔ ዕድሜ ያሉ ባልደረቦቼ «እኛ የሞተር ሰዎች ነን» ብለው ፊታቸውን አዙረዋል። እኔም አዙሬ ነበር። አንድ ጠዋት የታክሲ ሹፌር የሆነ ወጣት ኤሌክትሪክ መኪናውን አምጥቶ «ጋሼ፣ የልጆቼ ዳቦ ናት፣ እስቲ ይዩልኝ» ቢለኝ «እንዲህ ያለ ነገር አልነካም» ብዬ መለስኩት። ያን ዕለት እራት አልወርድ አለኝ። ወደዚህ ሙያ የገባሁት መንገድ ላይ የቆመ ሰው ወደ ቤቱ እንዲገባ ነው ወይስ ፒስተን ስለምወድ? ሠላሳ ዓመት ስሠራ ይህን ራሴን ጠይቄው አላውቅም ነበር።

አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ማታ የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና እማራለሁ። ብርቱካናማ ገመድ ሳይ እጄን መሰብሰብ፣ ጓንት ማጥለቅ፣ መጀመሪያ ኃይሉን ማቋረጥ። ከኔ ጋር የሚማሩት ልጆች የልጄ እኩዮች ናቸው፤ መነጽሬን ስረሳ ሰሌዳውን ያነቡልኛል። የምታስተምረኝ ያቺው ማሳውን ያየችው ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት ፈትናኝ ከ20 ስምንት አገኘሁ። ነገ ሐሙስ ነው፤ ድጋሚ ትፈትነኛለች። ስለዚህ ከምሳው ግብዣ ቀደም ብዬ ብወጣ ቅር አይበላችሁ፤ ያላጠናሁት ምዕራፍ አለ።