ከባሕር ወለል የወጣ ደለል



የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስንታመም መድኃኒት እንድንፈልግ አስተምረውናል። ፍለጋው ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ግን ብዙዎቻችን አናስተውልም። ዛሬ ይህንን የሚያሳይ አንድ ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ።

የሳንባ ነቀርሳን በመፈወስ የመጀመሪያው የሆነው ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 የተገኘው በአፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት አፈርን ሲበረብሩ ኖሩ። የዚህ ወገን ባክቴሪያ በባሕር ወለል ላይ ሲገኝ ግን ብዙዎቹ "ጎርፍ ከየብስ ጠርጎ ያመጣው ነው" ብለው ያልፉት ነበር።

በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ የስክሪፕስ የውቅያኖስ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች የሆኑት ዊልያም ፌኒካልና ፖል ጄንሰን ከባሃማስ ደሴቶች አካባቢ የወጣ የባሕር ደለል መረመሩ። ያገኙት ባክቴሪያ ጨዋማ የባሕር ውሃ ካላገኘ በቀር አላድግ አለ። ለካ ከየብስ የመጣ እንግዳ ሳይሆን የባሕሩ ተወላጅ ኖሯል! ሳሊኒስፖራ ተባለ። እርሱ የሚሠራው ሳሊኖስፖራማይድ ኤ የተሰኘ ንጥረ ነገርም እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ ሆነ።

በሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ የማይፈለግ ፕሮቲንን እየቆራረጠ የሚያስወግድ ክፍል አለ። ንጥረ ነገሩ ይህን ክፍል ይዘጋዋል። ያኔ የካንሰር ሕዋስ በገዛ ጥራጊው ታፍኖ ይሞታል።

ታዲያ ፈዋሽ መድኃኒት ሆነ? ማሪዞሚብ በሚል ስም በሕሙማን ላይ ተሞከረ። ከ700 በላይ የአንጎል ካንሰር ሕሙማን የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ሙከራ ግን፣ በተለመደው ሕክምና ላይ መጨመሩ ዕድሜ እንዳላራዘመ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱም እንደበዛ አሳየ። ተመራማሪዎቹ ይህንን አልደበቁም፤ በግልጽ ጻፉት። አማና መወጣት ማለት ይህ ነው።

ወንድሞችና እህቶች! በየቤታችን ሕመምተኛ አለ። "ለካንሰር መድኃኒት ተገኘ" የሚል ወሬ በሰማን ቁጥር ሐኪም ያዘዘለትን አናስጥለው። "በሰው ላይ ተሞክሯል ወይ? ውጤቱስ ምን ሆነ?" ብለን እንጠይቅ። ከላቦራቶሪ እስከ ሕመምተኛው አልጋ ያለው መንገድ ረጅም ነውና። ተስፋም አንቁረጥ፤ ከአፈር የተገኘው ስንቱን አድኗል፤ የባሕሩም ፍለጋ አልቆመም።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ሁሉ ያሽርልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።