የማታው እግር፤ ስለ ሩቅ የተራራ ሩጫ ጫማ አመራረጥ የተነገረ ዲስኩር



እ.ኤ.አ. በ1973 ጎርዲ አይንስሊ የተባለ አንድ የካሊፎርንያ ሰው፥ የሴራ ኔቫዳን ተራሮች አቋርጦ እስከ ኦበርን ከተማ በሚዘልቀው፥ ርዝመቱ 161 ኪሎ ሜትር በሚሆነውና በአንድ መዓልትና ሌሊት ይፈጸም ዘንድ በተደነገገው የፈረስ ግልቢያ ላይ ተሰልፎ ሳለ፥ ፈረሱ መንገዱን ሳያጋምስ አነከሰበትና ከውድድሩ ወጣ። በማግሥቱ ዓመት ሰውዬው ሌላ ፈረስ ማሰሱን ትቶ፥ ከፈረሶቹ ጋራ በገዛ እግሩ ተነሥቶ፥ በ23 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ኦበርን ገባ። ዛሬ ዌስተርን ስቴትስ እየተባለ የሚጠራው ስመ ጥር የአልትራ ማራቶን ውድድር ጥንተ ነገሩ ይህ ነው።

ስለ ጫማ ልናገር ቆሜ ነገሩን ከሰኮና መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ፈረሱን ለሩቅ መንገድ የሚያሰናዳ ሰው ሰኮናውን እያነሣ ሳይመረምር፥ ብረቱን ሳይነካካ ኮርቻ አይጭንም፤ ይኸው ሰው ግን ለራሱ እግር ጫማ ሲገዛ ቀለሙን አይቶ፥ ዋጋውን ተከራክሮ፥ ሁለት እርምጃ በምንጣፍ ላይ ተራምዶ ይበቃዋል። እኔም ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነበርሁ። የመጀመሪያውን የተራራ መሮጫ ጫማዬን ከአንድ ሱቅ የገዛሁት በጧት፥ ዕረፍት ጠግቤ፥ በስስ ካልሲ ነበር፤ ልክክ ብሎ ስለ ገባልኝም ሻጩን አመስግኜ ወጣሁ። በውድድሩ ቀን እስከ 40ኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ምስጋናዬ ጸንቶ ቆየ። ከ60ኛው በኋላ ረጅሙ ቁልቁለት ሲመጣ ግን ጣቶቼ የጫማውን አፍንጫ እንደ በር ያንኳኩት ጀመር፤ ከዚያ ሩጫ ያተረፍሁት ሁለት የጠቆሩ ጥፍሮችንና አሁን የምነግራችሁን አንድ ሐሳብ ነው፤ ይኸውም ጫማውን የሚገዛው እግርና ሩጫውን የሚፈጽመው እግር አንድ አለመሆናቸው ነው።

አንድ እግር ሙሉ ቀን ሲሮጥ ደምና ፈሳሽ ወደ ታች ይወርድበታል፥ ሙቀቱ ያሰፋዋል፥ የውስጥ እግሩም ቅስት ከድካም የተነሣ ዝቅ ይልና እግሩ በርዝመትም በስፋትም ይጨምራል። ስለዚህ ዐዋቂዎቹ ሯጮች ጫማቸውን የሚለኩት ወደ ማታ፥ ቀኑን ሙሉ ከቆሙና ከተራመዱ በኋላ፥ በሚሮጡበት ካልሲ ነው፤ ከተለመደው ቁጥራቸውም ግማሽ፥ አንዳንዴም አንድ ሙሉ ቁጥር ከፍ ያደርጋሉ። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ያህል ስፋት ሊተርፍ፥ ተረከዙ ግን ሳይንሸራተት ሊያዝ ይገባል፤ ይህ ሁለተኛው ነገር ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ ነው ትልቅ ጫማ የገዛ ሰው ተረከዙ ተልጦ የሚመለሰው። ከላይ በቁርጭምጭሚቱ በኩል ያለችውን ትርፍ ቀዳዳ ብዙ ሰው የፋብሪካ ስሕተት ይመስለዋል፤ ማሰሪያውን በርሷ አሳልፎ ዐይን ሠርቶ በማቆላለፍ ተረከዝን ወደ ኋላ አጥብቆ መያዝ እንዲቻል የተበጀች ናት።

ወደ ካሊፎርንያው መንገድ ልመለስ፤ የመንገድ ባሕርይ ጫማን እንዴት እንደሚመርጥ ከርሱ የተሻለ አብነት አላገኘሁምና። ሯጩ በጠቅላላው 5,500 ሜትር ያህል ይወጣል፥ 7,000 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ እንግዲህ ሰው ሁሉ ዐቀበቱን እየፈራ የሚሰናዳለት ይህ ሩጫ በእውነቱ የቁልቁለት ሩጫ ነው። ሙቀቱ በሸለቆዎቹ ውስጥ እንደ ምድጃ ነው። ከዚህም ሁሉ በኋላ፥ በ125ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ፥ ሩኪ ቸኪ በተባለው መሻገሪያ ላይ የአሜሪካን ወንዝ ይጠብቀዋል፤ ሯጩም የተዘረጋውን ገመድ ይዞ ውኃ ውስጥ ይገባል። ውኃ አያስገባም ተብሎ በውድ ዋጋ የሚሸጠውን ጫማ እዚህ ላይ አስቡት። ጠልንና ካፊያን በርግጥ ይከለክላል፤ ውኃው በአንገቱ በኩል አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ግን ያው መከላከያው መውጫ ይነሣዋል፥ ሯጩም በእያንዳንዱ እግሩ አንዳንድ ጋን ተሸክሞ ይሮጣል። የራሰ ቆዳ ደግሞ ይለሰልሳል፥ የለሰለሰው ይፋተጋል፥ የተፋተገው ውኃ ይቋጥራል። ወንዝ ላለበት መንገድ የሚሻለው ውኃ እንደ ወንፊት የሚያሳልፍና ፈጥኖ የሚደርቅ ስስ መረብ ነው።

ስለ ሶል ሲነሣ የአንድ ጣልያናዊ ታሪክ ይታወሰኛል። ቪታሌ ብራማኒ የተባለው የተራራ ሰው እ.ኤ.አ. በ1935 በአልፕስ ተራሮች ላይ ስድስት ባልንጀሮቹ ሞቱበት፤ ለአደጋውም የጫማቸው አለመስማማት ከምክንያቶቹ እንደ አንዱ ተቈጠረ። ብራማኒ ኀዘኑን ወደ ሥራ መልሶ፥ በፒሬሊ ኩባንያ ርዳታ፥ ጥርስ ያለው የጎማ ሶል አበጀ፤ ከስሙና ከቤተሰቡ ስም ቈርጦ የሰየመው ቪብራምም እስከ ዛሬ በተራራ ጫማዎች ሥር ተጽፎ ይገኛል። እነዚህ ጥርሶች ለደረቅ አፈርና ለጠጠር 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ቢረዝሙ ይበቃል፤ ለጭቃ 6 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፥ ጭቃው እንዳይጣበቅባቸውም ተራርቀው መቆም አለባቸው። ረጅም ጥርስ ያለውን በደረቅ ዐለት ላይ የሚሮጥበት ሰው ግን በምስማር ላይ የቆመ ይመስላል፤ ጥርሱም ቶሎ ይበላል።

ስለ ስፖንጁ ውፍረት የሚደረገው ክርክር እንደ ሃይማኖት ክርክር የጋለ ስለ ሆነ ብዙ አልገባበትም። በ2009 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር የተመሠረተው የጫማ ኩባንያ ሆካ ወፍራሙን ሶል ይዞ ሲመጣ ብዙዎች ሣቁበት፤ ቁልቁለቱ ጭናቸውን የሰባበረባቸው ሯጮች ግን ቶሎ ሣቃቸውን አቆሙ። ወፍራሙ ድካምን ይቀንሳል፥ ነገር ግን መሬቱን ያርቃል፤ ከፍ ብሎ የቆመ እግርም በድንጋይ ላይ በቀላሉ ይጠመዘዛል። ተረከዙ ከፊት እግሩ ምን ያህል ከፍ ይላል የሚለው ጥያቄ፥ ከ0 እስከ 12 ሚሊ ሜትር የሚደርሰው ልዩነት ማለቴ ነው፥ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከፍ ያለውን የለመደ ሰው በአንድ ሳምንት ወደ ዝርግ ጫማ ቢዛወር ባቱና የተረከዙ ጅማት ዋጋውን ይከፍላሉ። ክብደትም አይናቅ፤ በእያንዳንዱ እግር ላይ የሚጨመር 100 ግራም የሯጩን የጉልበት ወጪ በመቶ አንድ ያህል ከፍ ያደርጋል።

ከእናንተ መካከል ይህን ሁሉ ሐተታ ሰምቶ፥ አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. በሮም በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አልፈጸመምን የሚለኝ እንዳለ ዐውቃለሁ። ፈጽሟል። ነገር ግን እንደሚነገረው ጫማውን የተወው የቀረበለት ስላልተስማማው ነው፤ የማይስማማን ጫማ በውድድሩ ዋዜማ መተውም ራሱ ምርጫ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ተጫምቶ ሮጠ፥ ሰዓቱንም ወደ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አወረደው። ለዚህ ጕዳይ ይልቁን የሚቀርበኝ የሜክሲኮው ቪክቶሪያኖ ቹሮ ነው። ይህ የራራሙሪ ሕዝብ ተወላጅ በ1993 እ.ኤ.አ.፥ በ55 ዓመት ዕድሜው፥ በኮሎራዶ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ በሚነሣው የሌድቪል 161 ኪሎ ሜትር ሩጫ ላይ ከጐማ በተቈረጠ ሰንደል አሸነፈ። ሰንደሉን ያገራችን ሰው ቢያየው በረባሶ ብሎ በስሙ ይጠራው ነበር። እንግዲህ ከነገ ጀምሮ በበረባሶ እንሩጥ ማለቴ አይደለም፤ የቹሮ እግር ከልጅነቱ ጀምሮ በዚያ ጫማና በዚያ ዐይነት መሬት ላይ የተቀረጸ ስለ ነበረ፥ በ20ኛው ሰዓትም ቢሆን አዲስ ነገር አልገጠመውም።

አዲስ ነገር አለመግጠም የምንለውም በገበያ ሳይሆን በልምምድ የሚገኝ ነው። ለውድድር የታሰበ ጫማ ቢያንስ አንድ ረጅም ልምምድ፥ በተለይም ከዝናብ በኋላ የተደረገ ልምምድ፥ ሊያልፍበት ይገባል፤ በአንጻሩም ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከተሮጠበት በኋላ፥ ላዩ ደኅና ቢመስልም፥ ስፖንጁ ሞቷል። እኔ የሮጥሁበትን ኪሎ ሜትር በጫማው ምላስ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ፤ ሚስቴ ትሥቅብኛለች።

የመጨረሻው ምክሬ በመንገድ ስለሚቀየረው ሁለተኛ ጫማ ነው። በሞንብላን ዙሪያ በሚደረገው ወደ 170 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው ሩጫ፥ ሯጮቹ በ80ኛው ኪሎ ሜትር ግድም ኩርማየር በተባለችው የጣልያን ከተማ አስቀድመው የላኩትን ከረጢት ያገኛሉ። በዚያ ከረጢት ውስጥ የሚገባው ጫማ ከመጀመሪያው በግማሽ ቁጥር ይብለጥ፤ ከርሱ ጋራ ደረቅ ካልሲና ፎጣ ይኑር፤ ማሰሪያውም አስቀድሞ ላልቶ ይቀመጥ፥ በዚያን ሰዓት የሯጩ ጣት ቋጠሮ ለመፍታት ስለማይታዘዝለት።