ለጉልበት ጉልበት ያስፈልገዋል
(በማህበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በአማርኛችን መገጣጠሚያውንም ኃይሉንም «ጉልበት» ብለን በአንድ ቃል እንጠራቸዋለን። ዛሬ የምንናገረውም ይህንኑ ነው፤ የታመመ ጉልበት የሚበረታው በዙሪያው ያለው ጡንቻ ሲበረታ ነው።

እኛ አያት የምንኖር ሴቶች ውሎአችንን እናውቀዋለን። ኮንዶሚኒየማችን ሊፍት የለውም፤ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዘን አራተኛ ፎቅ እንወጣለን። ምጣድ ሥር ቁጢጥ ብለን፣ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ቡና አፍልተን፣ በጾም ሰግደን እንውላለን። ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው ቁልቁል ሲወርዱ የኖሩ እናቶቻችንም ዳገቱ ሳንባን፣ ቁልቁለቱ ጉልበትን እንደሚፈትን ያውቃሉ።

ባለፈው ዓመት ከመካከላችን ስድስታችን የጠዋት እርምጃችንን አቆምን። «አርፉ» ተባልን፤ አረፍን። ሕመሙ ለጥቂት ቀን ረገብ አለ፤ ደረጃው ግን ባሰብን። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እህታችን ደንበኞቿን ማጣት ጀመረች። ቆይተን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ስናማክር ምክንያቱ ገባን። ጭን ሳይሠራ ሲቀር ይሳሳል፤ ሸክሙንም ለመገጣጠሚያው ይተወዋል። የዳሌ ጡንቻ ከደከመ ደግሞ ደረጃ ስንወርድ ጉልበታችን ወደ ውስጥ ይሰበቃል፤ ከፊት ያለችው ክብ አጥንት ትጫናለች።

የተማርነው እንቅስቃሴ አምስት ነው።

አንደኛ፦ በጀርባ ተኝተን አንዱን እግር እናጥፋለን። ሌላውን ቀጥ አድርገን፣ ጭኑን አጥብቀን፣ እስከ ታጠፈው ጉልበት ድረስ እናነሳለን። 5 ሰከንድ ይዘን በቀስታ እናወርዳለን።

ሁለተኛ፦ ሁለቱንም እግር አጥፈን፣ መቀመጫችንን ከምንጣፉ እናነሳለን።

ሦስተኛ፦ በጎን ተኝተን የላይኛውን እግር ቀጥ አድርገን እናነሳለን፤ የእግር ጣቶች ወደ ፊት እንጂ ወደ ላይ አይዙሩ።

አራተኛ፦ ከወንበር በእጅ ሳንደገፍ እንነሳለን፤ ስንቀመጥ እስከ 3 እየቆጠርን ነው። በርጩማ ለጀማሪ በጣም ዝቅ ይላል።

አምስተኛ፦ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ የታችኛው ደረጃ ላይ ቆመን፣ የደረጃውን ብረት ይዘን፣ አንዱን እግር በቀስታ ወደ መሬት አውርደን እንመልሳለን። ጉልበታችን ከእግር ጣታችን አቅጣጫ አይውጣ።

እያንዳንዱን 10 ጊዜ፣ 3 ዙር፣ በሳምንት 3 ቀን እንሠራለን። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 እንለካዋለን፤ እስከ 3 ከሆነና በማግስቱ ጠዋት ካልባሰ እንቀጥላለን፤ ከባሰ እንቀንሳለን። ለውጡ በሳምንት አይመጣም፤ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያው እርምጃን ማሳጠር እንጂ መተው አያስፈልግም። አንዱን ትልቅ ጀሪካን በሁለት ትንንሽ መተካትም ይረዳል።

ነገር ግን ጉልበት ካበጠ፣ ከተቆለፈ፣ ከከዳን፣ ከወደቅን በኋላ መርገጥ ካቃተን ወይም ቀልቶ ከጋለና ትኩሳት ካለ፣ እንቅስቃሴው ይቁም፤ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ።

ከስድስታችን አራታችን ዛሬ ደረጃውን ሳንቆም እንወጣለን። አንዷ ገና ትታገላለች። አንዷ ሐኪም ዘንድ ሄዳ የመገጣጠሚያ መሳሳት እንዳለባት ተነገራት፤ እሷም ቢሆን እንቅስቃሴውን እንድትቀጥል ነው የተመከረችው። እንጀራ ጋጋሪዋ እህታችን ወደ ምጣዷ ተመልሳለች፤ አሁን ምጣዷን ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ቆማ ትጋግራለች።

ደጋፊዎቻችን፣ የምንጠይቃችሁ ትልቅ ነገር አይደለም፤ ጥቂት ምንጣፎች፣ ጠንካራ ወንበሮች፣ በወር አንድ ቀን ደግሞ ባለሙያ። እህቶቻችን፣ እናንተም ሕመሙን «የዕድሜ ነው» ብላችሁ ቤት አትዋሉ። በመጋቢት አካባቢ አዲስ አበባ ላይ የሚካሄደው «ቅድሚያ ለሴቶች» የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ። የምትሮጠው ትሩጥ፣ የምትራመደው ትራመድ፤ አብረን እንውጣ።